ከኋላ ወንበር ጀምሩ

ቅዳሜ ጠዋት መገናኛ አካባቢ አንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ ነጭ ኮሮላ ፊት ቆመናል። ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ ባለቤቴን ወደ ሞተሩ ጠራው። እኔ የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁና መሃል ላይ፣ ትንሹ ልጄ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጥኩ። እጄን በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል ባለው ስንጥቅ ከትቼ የቀበቶ መቆለፊያ መፈለግ ጀመርኩ። እጄ የብስኩት ፍርፋሪ፣ አንድ ሃምሳ ሳንቲምና አቧራ ይዞ ወጣ።

«እህቴ፣ የወደቀብሽ ነገር አለ?» አለ ደላላው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ።

ቀበቶ እየፈለግኩ እንደሆነ ነገርኩት።

«እሱማ ቀላል ነው። ሶማሌ ተራ ሄደሽ በአንድ ቀን ታስገጥሚያለሽ። ዋናው ነገር ይቺ መኪና ብር ናት። ዛሬ ገዝተሽ ነገ ብትሸጪያት አምስት ሳንቲም አትከስሪም።»

ለሦስት ወር ያህል የቤት አውቶሞቢል ስንፈልግ ያላገኘነው የሻጭ ዓይነት የለም፤ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ወጣት፣ የሟች አባቱን መኪና የሚሸጥ ልጅ። ሁሉም ስለ መኪናው መጀመሪያ የሚነግሩን ሲሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ነበር። እስኪሸጥ ድረስ ባሉት ዓመታት ውስጡ ማን እንደሚቀመጥ የጠየቀን አንድም ሰው የለም። ይህን የምጽፈው ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። የቤተሰብ መኪና አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ቤንዚንም ይሁን ኤሌክትሪክ፣ ምርጫው ከኋላ ወንበር መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሥራ አራት ዓመት በድንገተኛ ክፍል የሠራሁ ነርስ ነኝ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ ተከታዩ 9፣ ትንሹ 4። እናቴ ደብረ ብርሃን ስለምትኖር በዓል በመጣ ቁጥር 130 ኪሎ ሜትሩን በሕዝብ ማመላለሻ ስንመላለስ ኖረናል። ዘንድሮ የባለቤቴ እቁብ ደረሰ፣ እኔም ከመሥሪያ ቤታችን ብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበደርኩ፣ ያጠራቀምናት ጥቂት ነገርም ነበረች። ተደምሮ ወደ ሁለት ሚሊዮን ብር ተጠጋ። በሕይወታችን አንድ ላይ ያየነው ትልቁ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ «እንዳይወድቅብን» ብሎ ቢጨነቅ አልፈርድበትም።

ምክንያቱንም አውቀዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ጨርሶ ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንክ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ ዓይኑ እያየ ሲሟሟ፣ ግቢው ውስጥ አሮጌ ኮሮላ ያቆመ ጎረቤቱ ምንም አልተነካም። ይህን ያየ ሰው መኪና ብር ነው ቢል ከኑሮው የተማረውን ነው የሚናገረው። ግን ጎተራና ጋሪ አንድ አይደሉም። እህል የሚጠብቅልን ነገር ልጆቻችንንም ይጠብቃል ማለት አይደለም። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን የምንጭነው በዚሁ ጎተራ ላይ ነው።

በሥራዬ የማየውን ልንገራችሁ። የመኪና አደጋ የደረሰበት ልጅ ሲመጣልን ልብሱን በመቀስ ቀደን ደረቱንና ሆዱን እናያለን። አንዳንዴ ከትከሻው እስከ ጎኑ በሰያፍ የወረደ፣ ከታች ደግሞ ወገቡን አግድም የያዘ የጠቆረ ሰንበር እናገኛለን። የቀበቶ ሰንበር ነው። ለሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከሥሩ አንጀት ወይም ጉበት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ልጁ በደንብ ይመረመራል፣ ለሰዓታትም በክትትል ሥር ይቆያል። ለእኔ ግን ሌላም ነገር ይነግረኛል፤ መኪናው ሲቆም ልጁም አብሮት እንደቆመ። እኔ ካየኋቸው ሰንበር ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ እያለቀሱ፣ እናታቸውን እየጠሩ ነው የመጡት። የሚያለቅስ ልጅ እየተነፈሰ ነው። እኛን የሚያስሮጠን ዝም ብሎ የሚመጣው ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ሰንበሩን ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

እናቶች «እቅፌ ውስጥ ነበር እኮ» ይሉኛል። ይህን ቃል ስሰማ የምመልሰው ይጠፋኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ አቅፈውት ነበር። ግን የሰው ክንድ ያንን ጉልበት አይችልም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የነበረ መኪና ሲጋጭ ያልታሰረ ሰው የሚወረወርበት ኃይል ወደ 10 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትልቋ ልጃችን መዳህ የጀመረች ሳምንት ባለቤቴ በየመስኮቱ ፍርግርግ አስገጥሟል፤ ያኔ ገንዘብ አልነበረንም፣ ተበድሮ ነው ያስገጠመው። መስኮቱ ሲሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ያኔ አላሰበም። አንድ ማታ አይተነው ስለመጣነው ሰማያዊ ዲኤክስ ስንከራከር ይህን አስታወስኩት። ብዙ ዝም አለና «እሺ፣ አንቺ ከኋላ ጀምሪ፣ እኔ ከፊት እጀምራለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርንም።

ሰማያዊው ዲኤክስ የ1980ዎቹ ኮሮላ ነው፤ ተወልውሎ መስታወት መስሏል። ኋላው አንድም ቀበቶ የለውም። ኤርባግ በዚያ ዘመን መኪና አይጠየቅም። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በእጃቸው በሩን መታ መታ እያደረጉ «ላሜራው የድሮ ነው ልጄ፣ እንደ ዛሬዎቹ ጣሳ አይደለም» አሉኝ። ይህን ስንት ሰው ያምነዋል! እኔም ሥራ ከመጀመሬ በፊት አምነው ነበር። የዛሬ መኪና አፍንጫው ሲጋጭ የሚጨማደደው ሆን ተብሎ ነው። ግጭቱን ብረቱ እየተጨማደደ ይውጠዋል፣ ሰው የተቀመጠበት ክፍል ግን እንዲጸና ተደርጎ ይሠራል። የማይጨማደድ ብረት ጉልበቱን ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል፣ ውስጥ ያለው ደግሞ የልጅ አንገት ነው። በወፍራም ላሜራ የዳነ መኪናና የተጎዳ ተሳፋሪ አብረው ሲመጡ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ደረትና ወገብ የሚይዘው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ቮልቮ መኪና ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የመጀመሪያው ኮሮላ የወጣው በ1966 ነው። ቀበቶው ከኮሮላ ሰባት ዓመት ይበልጣል። ዛሬም ከኋላ ተቀምጠን እንደ ቅንጦት እናየዋለን።

መካኒካችን ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ጋራዣቸው መሳለሚያ ያለ ሰው ናቸው። የዛሬ ስምንት ዓመት ስኳራቸው ወርዶ እኛ ጋ መጥተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሲስተር እያሉ ይጠሩኛል፣ መኪና ለማየት አብረውን ሲዞሩም ከምሳ በቀር አልከፈልናቸውም። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ አሞርዛተሩን እንደሚያዩ አውቅ ነበር። የኋላ ወንበር የሚመረመር ነገር እንዳለው ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩኝን ልጽፈው እወዳለሁ፣ ገንዘብ አይጠይቅምና።

ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቢው አሉኝ። ሳብኩት። «አሁን ጠርዙን በጣትሽ ዳስሺው።» ጠርዙ የተላገ ወይም እንደ ማዕበል የተጥመዘመዘ ከሆነ ያ ቀበቶ አንድ ጊዜ ሰው ይዞ ተወጥሯል ማለት ነው። አደጋ ላይ የተወጠረ ቀበቶ ሽመናው ተለጥጧል፣ ሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይዝም። ከተጋጨ መኪና የተፈታ ቀበቶ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ መግጠም ለዚህ ነው የማይበጀው። ቀበቶው ሥር፣ ወለሉ ጋ በሚታሰርበት በኩል፣ የተሠራበት ዘመን የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ አለ። ያ ዘመንና የመኪናው ሞዴል ካልተገናኙ ሻጩን «ለምን ተቀየረ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ ቀበቶውን ድንገት ነጠቅ ማድረግ፤ ቀጥ ብሎ ካልያዘ አልያዘም ነው። መግነጢስ በጨርቅ ጠቅልለው በኋላው በር ዙሪያ ያለውን ምሰሶ ሲያስነኩት ደግሞ የሚንሸራተትበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው።

አንድ የ2004 ኮሮላ ላይ ያሳዩኝን ግን አልረሳውም። «ሲስተር፣ ቁልፉን አዙሪው፣ ግን ሞተሩን እንዳታስነሺ» አሉኝ። አዞርኩት። የዘይቱ መብራት በራ፣ የባትሪው በራ፣ የእጅ ፍሬኑ በራ፣ የሞተሩም በራ። «የቀረው የቱ ነው?» አሉኝ። ለሁለተኛ ጊዜ አዙሬ ሳይ የቀረው ገባኝ። የተቀመጠ ሰው ደረቱ ላይ ክብ ኳስ የያዘ የሚመስል ቀይ ምልክት አለ፣ የኤርባጉ ነው። ቁልፍ ሲዞር በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። እሱ ጨርሶ አልበራም። «መብራቱ በርቶ ቢቀር ገዢ ይጠይቃል። ስለዚህ ይነቅሉታል። ያልበራ መብራት የሚጠይቅ የለም» አሉኝ። ሻጩ ከውጭ ሆኖ ስልክ ያወራል። የመሪውን ክዳን ሲጫኑት ባዶ ቆርቆሮ ይመስል ገባ አለ። መኪናው አንድ ጊዜ ተጋጭቶ ኤርባጉ ወጥቷል፣ ቦታው ላይ ክዳን ተለጥፎበታል። ያን መኪና ልንገዛው አንድ ሐሙስ ነበር የቀረን።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ አንድ ቪትዝም አይተናል። ተሳፋሪው ፊት ያለው ዳሽቦርድ ተቆርጦ የተጣበቀበት ስፌት ይታይ ነበር። አልቆየንበትም።

ኤርባግ ያለው ሁሉ ደግሞ ደህና ነው ማለት አይደለም። ታካታ የተባለ የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች መንፊያ ኬሚካላቸው በሙቀትና በእርጥበት ሲያረጅ ከሚገባው በላይ እየፈነዳ የብረት ስብርባሪ በሰው ላይ ረጭቷል፤ ሰዎችም ሞተዋል። በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለቅያሪ ተጠርተዋል፣ ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ከስሯል። ከተጠሩት ውስጥ እኛ አገር እንደ ጨው የምንፈልጋቸው የ2000ዎቹ ኮሮላና ያሪስ አሉበት። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ አምራቹን መጠየቅ ይቻላል። ሊብሬውን የባንክ ዕዳ እንዳይኖርበትና ቀረጥ ነፃ የገባ እንዳይሆን የምናጣራውን ያህል፣ ለዚህም አምስት ደቂቃ አናጣም።

አዲስ መኪና የሚለው ሐሳብ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ አዲስ ማለት ኤሌክትሪክ ማለት ነው። ቦሌ አንድ ማሳያ ክፍል ገብተን የቻይናውን ቢዋይዲ ቺን ፕላስንና በቻይና የሚሠራውን ቶዮታ ቢዜድ 3ን አየን፤ ሁለቱም ከኮሮላ ሰፋ ያሉ የቤተሰብ አውቶሞቢሎች ናቸው። የኋላውን በር ስከፍት ልቤ ደስ አለው፤ ሦስት ቀበቶ፣ ሦስቱም መቆለፊያ ብቅ ብሎ የተቀመጠ፣ የሕፃን ወንበር የሚያያዝበት ብረትም በቦታው አለ። ልጄ ገብቶ ራሱ አሰረ። በዚያች ደቂቃ ብሩ ቢኖረን ኖሮ ሳላስብ እፈርም ነበር።

ለከተማችንም ይስማማሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ እዚሁ ይቀርበታል፤ አምስት ሰው ጭኖ ወደ ሽሮ ሜዳ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ወጪውንም ማታ ቁጭ ብለን አሰላነው። በወር 800 ኪሎ ሜትር ብንነዳ፣ አሮጌ ኮሮላ በከተማ መጨናነቅ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 80 ሊትር ነው፤ ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን ከ8,000 ብር በላይ ነው። ኤሌክትሪኩ ለዚያው መንገድ 130 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 8 ብር ነው ብለን አክብደን ብናስበው እንኳ 1,040 ብር ነው። ልዩነቱ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ታዲያ ለምን አልገዛችሁም ብትሉኝ፣ አንደኛው ገንዘቡ አልሞላም። ሁለተኛውና የባሰው ግን የምንሰካበት ቦታ የለንም። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ መኪና የሚቆመው የተገኘው ቦታ ላይ ነው። ከእኛ ብሎክ ሁለት ጎረቤቶች ከመስኮታቸው ገመድ ይለቃሉ። ከሁለተኛ ፎቅ የወረደው ገመድ በልብስ ማስጫው መካከል አልፎ፣ መሬት ላይ በድንጋይ ተይዞ፣ የውኃ መውረጃውን ተሻግሮ መኪናው ጋ ይደርሳል። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ የላስቲክ ሽታ ሸተተኝና ማከፋፈያውን በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ እንደ ካውያ ይፋጃል። ተራ ሶኬት ሁለት ኪሎዋት ያህል ነው የሚሰጠው፤ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከግማሽ በታች ወርዶ ቢመጣ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ገመድ መጎተቱ ነው። ልጆች በዚያው ግቢ ኳስ ይጫወታሉ፣ ክረምቱም ይመጣል። ጎረቤቶቼን አልወቅስም፤ ሌላ መንገድ አልተሰጣቸውም። ኮሚቴው ጋ ሄጄ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆጣሪ ይተከል ስል፣ የጋራ ቦታ ላይ በማን ስም ይወጣል የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። ጥያቄው አግባብ ነው። መልስ ሊሰጥበት የሚገባው ግን ከተማው ነው። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ፣ በፎቅ ለሚኖረው ሰው የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪ የሚወጣበት ግልጽ ደንብ አብሮ መምጣት ነበረበት። ግቢ ላለው ሰው የተመቸ ሕግ፣ ግቢ ለሌለው ሰው ከመስኮት የተንጠለጠለ ገመድ ሆኖበታል።

የራሳችሁ ግድግዳ ላይ ቻርጀር ማስገጠም የምትችሉ ግን ኤሌክትሪኩን ግዙ እላለሁ፣ ሳልፈራ። ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ርቀት ሩቡን ቀንሱ። ከቻይና የመጡት ብዙዎቹ የመሙያ አፋቸው ጂቢቲ የሚባለው የቻይናው ዓይነት ነው፤ በመንገዳችሁ ያለው ጣቢያ ያ አፍ እንዳለው እዩ። ባትሪው ቢበላሽ ዋስትናውን በጽሑፍ የሚሰጣችሁ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ በቃል «ችግር የለም» ካለ ችግር አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። የቤንዚን አውቶሞቢል መግባት ካቆመ፣ አገር ውስጥ ያለው እንዳለ ያረጃል ማለት ነው። ዛሬ 20 ዓመት የሆነው ኮሮላ የዛሬ አሥር ዓመትም መንገድ ላይ ነው፣ ባለቤቱ ተቀይሮ፣ ቀለሙ ተቀብቶ። ሞተሩ ይጠገናል፤ ሞተር የሚጠግን ባለሙያ አላጣንም። ቀበቶና ኤርባግ ግን እየተፈቱ፣ እየተነቀሉ፣ በክዳን እየተሸፈኑ ይሄዳሉ፣ ምክንያቱም ያለ እነሱ መኪናው ይሄዳል። ሳይጠየቁ የሚቀሩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ መጠየቅ አለባቸው። ባለፈው ዓመት የወንድሜን መኪና ለቦሎ ምርመራ ይዤ ሄጄ ነበር። ፍሬኑ ታየ፣ መብራቱ ታየ፣ ፍሬቻው ታየ። የኋላውን በር የከፈተ ሰው አልነበረም። ሦስት ቀበቶ ስቦ ነጠቅ ማድረግ፣ ቁልፍ አዙሮ አንዲት ቀይ መብራት በርታ መጥፋቷን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በዓመታዊው ምርመራ ውስጥ ይግባ። ያልያዘ ቀበቶ ያለው መኪና ፍሬን እንደሌለው መኪና ይቆጠር፣ ቦሎ አይለጠፍለት።

ደላሎችንም እለምናለሁ። ከገዢና ከሻጭ ኮሚሽን ስትቀበሉ መኪናውን ከሁላችንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። «ብር ናት» ከማለታችሁ በፊት «ኋላዋ ሦስት ቀበቶ አላት» ብትሉ ገዢው ሳይወድ በግድ ማየት ይጀምራል። ገዢ ማየት ከጀመረ ሻጭም ቀበቶውን ከመንቀል ይቆጠባል። ዋጋ የሚሠራው በምንጠይቀው ነው። ለሬዲዮ ብር የምንጨምር ሰዎች፣ ለሚይዝ ቀበቶ ብር መጨመር አያቅተንም።

እኛ በመጨረሻ ያገኘነው የ2009 ኮሮላ ነው፤ ብርማ፣ አንድ መምህር የነዱት። ጎኑ ትንሽ ተፍቋል፣ አሞርዛተሮቹ አልቀዋል፣ ከነጭዋ ኮሮላ በሃምሳ ሺህ ብር ይበልጣል። ደላላው «ሲሸጥ ነጩ ይሻላል» ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራክሮናል። መካኒካችን ቁልፉን አዞሩት፤ ቀይዋ መብራት በራች፣ እስከ ስድስት ቆጠሩ፣ ጠፋች። ምሰሶው ላይ መግነጢሱ አልተንሸራተተም። የሻንሲ ቁጥሩ ለቅያሪ ከተጠሩት ውስጥ የለበትም። የቀበቶዎቹ ጨርቅ ላይ የተጻፈው ዘመን ከሞዴሉ ጋር ይገናኛል። መቆለፊያዎቹ ግን አይታዩም። መምህሩ መኪናውን የገዙ ጊዜ ያሰፉት የወንበር ልብስ ከላይ ሸፍኗቸዋል፤ ባለፉት ስምንት ዓመታት አንድም ሰው አልፈለጋቸውም። እጄን ስንጥቁ ውስጥ ከትቼ በጨርቁ ላይ ስዳስስ ሦስቱንም አገኘኋቸው፣ ጠንከር ያሉ ትናንሽ ጉብታዎች ሆነው።

ሐሙስ ዕለት ውልና ማስረጃ ሄደን ፈረምን። ለትንሹና ለመካከለኛው ልጄ ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ የሕፃናት ወንበር እህቴ ከዱባይ በሰው ልካልናለች፤ ያለ እሱ የትከሻው ቀበቶ አንገታቸው ላይ ነው የሚያርፈው። መኪናውን ግቢያችን አቁመን ልጆቹ እየዘለሉ ሲወርዱ እኔ ከቦርሳዬ የሥራ መቀሴን አወጣሁ፣ ያን ጫፉ ዱልዱም የሆነውን፣ ልብስ የምንቀድበትን። ኋላ ወንበር ላይ ተንበርክኬ የመምህሩን የሚያምር የወንበር ልብስ ሦስት ቦታ ቀደድኩትና መቆለፊያዎቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። የመሃለኛው በአቧራ ደርቆ አልቆልፍ አለ። ልጄ ከቤት የጥርስ ብሩሽ አምጥቶ፣ ሁለታችን ተራ በተራ እየጠረግን፣ ሲመሽ ቀጭ አለ።